በቀጋ አጥር ውስጥ የከረምኩበት ክረምት

ሳልሞት የተለቀሰልኝ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቅ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ልጄ ግን አይስቅም። በዚህ ክረምት የደረሰብኝ ሁሉ የደረሰብኝ እሱ ስላልሳቀ ነው።

እኔ አንድ ቤት ተቀምጦ መክረም አይሆንልኝም። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጆቼም ጎጆ ከወጡ ወዲህ ቤቴ እግሬ ነው ማለት ይቻላል። ቡሬ ካለችው ልጄ ዘንድ ሳምንት እሰነብታለሁ፤ ከዚያ ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ፤ ከዚያ የክርስትና ልጄን ለማየት ገበዝ ማርያም እወጣለሁ። ጠበል ፈለቀ ሲሉኝ ጠበሉ ዘንድ፣ ንግሥ ነው ሲሉኝ ንግሡ ዘንድ ነኝ። ምርኩዜ፣ ነጠላዬ፣ በጨርቅ የቋጠርኳት በሶ፤ ሌላ ጓዝ የለኝም።

አምና ዱርቤቴ ሳለሁ መንገድ ተዘጋ። መኪናው ቆመ፤ ስልኩም ጠፋ። እኔ እንኳ ምንም አልሆንኩ፤ ከአንዲት ደግ ሴት ቤት ተጠግቼ ጥጥ እየፈተልኩላት እበላለሁ። ቡሬ ላይ ግን አንድ መንገደኛ፣ ምርኩዝ የያዘች አሮጊት መንገድ ዳር ወድቃ ያገሩ ሰው ቀበራት ብሎ አወራ። ምርኩዝ የማትይዝ አሮጊት የት አለች? ልጆቼ እኔ መሆኔን ተቀበሉ። ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ወንዱ ልጄ ፀጉሩን ተላጨ። መንገዱ ተከፍቶ በራፉ ላይ ብቅ ስል ምራቴ የያዘችውን ጣሳ ጥላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ልጄ አልሮጠም፤ አልጮኸምም። መጥቶ ክንዴን ያዘና የገበያ በግ እንደሚዳስስ ሰው ጫን ጫን አድርጎ ዳሰሰኝ። ጎረቤቶቹ፣ "እንግዲህ ንፍሮው ተበልቶ አልቋል፤ ዳግመኛ ቢሞቱ አንቀቅልም" እያሉ ሲስቁ፣ እሱ የተላጨ ራሱን በእጁ ይዞ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። የት ነዎት፣ መቼ ይመጣሉ ብሎኝ የማያውቅ ልጅ፣ ጓሮ ስወጣ እንኳ በዓይኑ ይከተለኝ ጀመር።

በዚያው ዓመት ከአንድ ሎጅ በዘበኝነት ተቀጠረ። ሎጁ ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር ብዙ ከተሄደ በኋላ በሚገኝ ክብ ውሃ ዳር ነው። እንግዶቹ ሐይቅ ይሉታል፤ እኛ ባሕር ነው የምንለው። የዚያን ባሕር ማዶ አውቀዋለሁ፤ የተወለድኩበት ነው። የአባቴ ግቢ ዛሬም አለ፤ ታላቅ እህቴ ትኖርበታለች። እኔ ጎጃምን ስዞር እሷ ከዚያ ግቢ ንቅንቅ አላለችም። ባሏ ሲሞት አልወጣችም፤ ልጆቿ ከተማ እንውሰድሽ ሲሏት አልወጣችም። ሁለታችን ከአንድ ማሕፀን መውጣታችንን የሚጠራጠር አለ።

ሰኔ ሲገባ ልጄ መጣና፣ "እማ፣ ሁለት ሳምንት ከእኔ ጋር ይረፉ፤ ባሕሩንም ይዩት" አለኝ። ደስ ብሎኝ ተከተልኩት።

ውሸት አልናገርም፤ ቦታው ያማረ ነው። ቤቶቹ ክብ ናቸው፤ ግድግዳቸው ቀርከሃና ጭቃ፣ ክዳናቸው ሰንበሌጥ። መብራቱ ከፀሐይ ነው። ሽንት ቤቱ ውሃ አይፈስበትም፤ አመድ ይነሰነስበታል፤ ከርሞ ለችግኝ ማዳበሪያ ይሆናል ሲሉኝ አፌን ያዝኩ። አንሶላው በእንዶድ ይታጠባል። ፕላስቲክ ይዞ የመጣ እንግዳ በሩ ላይ አስረክቦ ይገባል። ባሕር ዛፍ የሚባል ከግቢው ተነቅሎ ወጥቷል፤ ያለው ሁሉ ያገሩ ዛፍ ነው፤ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሾላው፣ ኮሶው፣ ብርብራው፣ ጥቁር እንጨቱ። በየግንዱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ሳንቃ አለ፤ በሲባጎ የታሰረ እንጂ በምስማር የተመታ አይደለም፤ ዛፍ ያመዋል ይላሉ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደሉን የለቀምኩት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ከሥዕሎቹ ግርጌ ነው። እናም እነዚያን ሳንቃዎች እየተንጠራራሁ ማንበብ ደስ አለኝ። ስንት ዘመን ጥላው ሥር ያረፍኩበትን ዋንዛ፣ ስሙ ደረቱ ላይ ተለጥፎ ሳየው፣ ሰፈር የማውቀውን ሰው የደንብ ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ ያገኘሁት መሰለኝ። እንደምን ዋልክ ልለው ምንም አልቀረኝ።

አጥሩም ሕይወት ያለው አጥር ነው። ሽቦ የለም፤ ብሎኬት የለም። እሾሃሞቹ ቀጋና አጋም ተጠላልፈው አድገዋል፤ ውስጥ ውስጡን ሰንሰል ሞልቶታል። የቀጋው ነጭ አበባ ሲፈነዳ ግቢው ሁሉ ይሸታል። ከበሩ በቀር መውጫ የለውም።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ በሶዬን ቋጠርኩ። ልጄ፣ "ክረምቱ ይለፍ፣ እማ" አለ። ነገ እሄዳለሁ አልኩት። አልተከራከረኝም። አለመከራከሩ ነበር ሊያስጠረጥረኝ የሚገባ። በማግሥቱ የነፍስ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩ ነው ተብሎ በበቅሎ መጡ። ረጭተው፣ ጸሎት አድርገው፣ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሲያበቁ ቁጭ በይ አሉኝ። ልጄ ይሉኛል እንጂ በዕድሜ የበኩር ልጄ እኩያ ናቸው።

"ልጄ፣ ልጅሽ ሁለተኛ እንዳያለቅስ፣ ብቻሽን ከዚህ በር እንዳትወጪ ገዝቼሻለሁ" አሉኝ።

"አባቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?"

"ሞተሽ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ታጠፊ?"

ልጄ መሬት መሬት ያያል። እሱ እንደነገራቸው ገባኝ፤ እሳቸውም በክፋት እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ግን ግዝት ነው። ግዝት ለማይፈራው ሰው አንድ ቃል ነው፤ እኔ ግን በዚያ ቃል ውስጥ ያደግሁ ነኝ። የካህን ግዝት አፍርሶ ወጥቶ የሄደ ሰው ውሃው እንኳ አይጣፍጠውም ሲባል ነው የሰማሁት። ቀጋውን ነጠላዬን ጣል አድርጌበት ልሾልክበት እችላለሁ። ግዝቱን ሾልኬ የት እገባለሁ?

"ብቻሽን" ያሉት ቃል ትንሽ ተስፋ ሰጠኝ። የሚሸኘኝ ሰው ካገኘሁ መሄድ እችላለሁ ማለት ነው። ወዲያው ግን ዝናቡ ገባ፤ መንገዱም እንደገና ተዘጋ። እንግዳ መምጣት አቆመ። አስተናጋጆቹ፣ ታንኳ ቀዛፊው፣ ሌሎቹ ዘበኞች አንድ አንድ እያሉ ወደየአገራቸው ገቡ። የቀረነው የሎጁ ኃላፊ፣ ልጄና እኔ ብቻ ሆንን። ኃላፊው የባሕር ዳር ከተማ ልጅ ነው፤ ወጣት፣ ጨዋ። ከእሱ በቀር በሩን የሚጠብቅ ልጄ ብቻ ነው፤ ልጄ ደግሞ በሩን ጥሎ መሄድ አይችልም።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ምግብ አለ፤ አልጋ አለ፤ ዓይን የሚያየው አለ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ጠዋት እነሳና በጥቁር ድንጋይ በተነጠፈችው መንገድ እሄዳለሁ፤ በኮሶው በኩል ዞራ፣ በብርብራው አልፋ፣ ውሃውን ታክካ፣ መልሳ ከተነሣሁበት ደጃፍ ታደርሰኛለች። እኔ የማውቀው መንገድ ወደ አንድ ቦታ ይወስዳል። ይህች ግን እኔን ለማድከም ብቻ የተሠራች መሰለኝ። ባዶዎቹ ቤቶች አልጋቸው እንደተነጠፈ ይጠብቃሉ። ሳንቃዎቹን ከማንበብ ብዛት ሳላያቸው ማን ከማን ቀጥሎ እንደቆመ አውቀዋለሁ። ዛፎቹን ሳይቀር ታሰሩ እያልኩ አዝንላቸው ጀመር። ኃላፊው ይህን ብነግረው፣ "እማማ፣ ዛፍ እኮ ቢፈታም አይሄድም" አለኝ።

"እኔ እሄድ ነበር" አልኩት።

በዚያ ሰሞን ከብርብራው ጀርባ ጃርት አጥሩን ሸንቁሮት ተገኘ። በዚያ ሽንቁር ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ውጭ ያለችው የእግር መንገድ ባሕሩን ዞራ ወደ ማዶ ስትሄድ ትታየኛለች። ኃላፊውና ልጄ የአጋም ቅርንጫፍ ቆርጠው መጡ። "እማማ፣ ካልደከመዎ እያቀበሉን" አለኝ ኃላፊው። ሥራ ካየሁ መቀመጥ አልችልም፤ ማቀበል ብቻ አይደለም፣ እሾሁን በምርኩዜ እየገፋሁ ራሴ ደፈንኩት። እንዴት ያለ ደህና አጥር አጠርን ብዬ እጄን ካራገፍኩ በኋላ ነው መንገዷ እንደጠፋችኝ ያስተዋልኩት። ማንም አላስገደደኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ የቡሬ ነጋዴ መጣ። ሙስሊም ነው፤ የአባቱን ሱቅ አውቀዋለሁ። መንገድ ሲዘጋ በበቅሎ ጨውና ዘይት እየጫነ ገጠሩን ያዳርሳል። ከማዶ መምጣቱ ነበር። በሩ ላይ ሆኖ ሰላም ካለኝ በኋላ ትንሽ አመነታ።

"እናቴ፣ እህትዎ ወድቀው ተኝተዋል" አለኝ። "ዳሌያቸውን ነው አሉ። እህል አይቀምሱም። ያችን ዘዋሪ ካገኘሃት ነይ በላት ብለውኛል።"

"ክፉኛ ናት?"

"ወላሂ እኔ ሐኪም አይደለሁ። ድምፃቸው ግን ደህና ነው፤ በቅሎዬን ሰደቡብኝ።"

"ይዘኸኝ ተመለስ።"

"እኔ ወደ ቡሬ ነኝ፣ እናቴ። ማዶ የምመለሰው ከመስቀል በኋላ ነው። እስከዚያ ከሰነበቱ እወስድዎታለሁ።"

እህቴ በሕይወቷ ማንንም ነይ ብላ አታውቅም። ስመጣ መጣሽ፣ ስሄድ ሄድሽ፤ ይኸው ነው የሷ ነገር። ነይ በላት ካለች ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው። ልጄ የበሩን መቀርቀሪያ ይዞ ቆሟል።

"ሰምተሃል" አልኩት።

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው አድርሰኝ።"

"በሩን ለማን ልተው?"

"ለቀጋው ተወው።"

ፈገግ አላለም። "ብለቅዎ መንገድ ላይ ምን እንደሚያገኝዎ ማን ያውቃል? በሩን ብጥለው ደግሞ እንጀራዬ ነው። እማ፣ እኔ አንድ ጊዜ ቀብሬዎታለሁ።"

ወደ ኃላፊው ሄድኩ። እሱም አዘነ፤ ሎጁ በአንድ ሰው ብቻ እንዳይቀር ባለቤቶቹ አዝዘዋል፤ ሌላ ዘበኛ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል አለኝ። መንገዱ መቼ ይከፈታል ስለው፣ "እሱን የሚያውቅ ሰው የለም፣ እማማ" አለ። ታንኳዎቹ ውሃው ዳር በበቀለው ደንገል ሥር ታስረው ይንሳፈፋሉ። በታንኳ ብትወስደኝስ አልኩት። መቅዘፍ እንደማያውቅ ሲነግረኝ ከልቡ አፈረ።

ከዚያ በኋላ ውሎዬ ውሃውን በሚያየው የቀርከሃ ሰገነት ላይ ሆነ። ከዚያ ሆኜ ማዶ የእህቴ ግቢ ይታየኛል፤ ትልቁ ብሳና፣ ከሥሩ የቆርቆሮው ክዳን። ቅርብ ነው፤ ዶሮ ሲጮህ የምሰማው መስሎኝ ጆሮዬን የማቀናበት ጊዜ አለ። ጠዋት ጠዋት ከክዳኑ ጭስ ሲነሣ፣ እሳት የሚያነድላት ሰው አለ፤ እሳት የሚነድላት ከሆነ ደግሞ አለች እላለሁ። ጭሱን ካየሁ ቁርስ እበላለሁ። ካላየሁ ልጄ ያመጣልኝ እንጀራ ሲደርቅ ይውላል።

ነሐሴ ከገባ ጭጋጉ ብርቱ ሆነ። ማዶ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ውሃው እንኳ ከደንገሉ በላይ አይታይም። ከእነዚያ ቀናት ባንዱ ጠዋት፣ ከጭጋጉ ውስጥ የለቅሶ ጥሩምባ ተነፋ።

ያገራችን ሰው ያውቀዋል። ጥሩምባ ነፊው ኮረብታ ላይ ወጥቶ አንድ ጊዜ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም ይጣራል፤ እንደገና ይነፋል። ተነሥቼ ወደ ውሃው ወረድኩ፤ ቀሚሴ እስኪርስ ደንገሉ ውስጥ ገባሁ። ጥሩምባው ጥርት ብሎ ይሰማል። ስሙ አይሰማም። ውሃው ጥሩምባውን እያመጣ ስሙን ማዶ ያስቀረዋል። ቢነፋ፣ ቢነፋ አልሰማሁትም። ልጄ ሮጦ መጣና ከውሃው አወጣኝ።

"ለማን ነው? ያንተ ጆሮ ደህና ነው፤ ለማን ነው?"

"አልሰማሁም፣ እማ። እውነቴን ነው፤ አልሰማሁም።"

ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ነጠላዬን ላዘቅዝቀው፣ አላዘቅዝቀው አላውቅም። ባለቅስላት ሟርት ነው፤ ባላለቅስላት ደግሞ እህቴ ናት። ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ከቀሚሴ ጫፍ ውሃውን እየጨመቀልኝ፣ በቀስታ፣ "አዩ፣ እማ? እኔ አምና እንዲህ ነበርኩ" አለኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊነግረኝ ሰው ማግኘቱ ነበር። እጁን ያዝኩት። ለካ ሁለታችንም በአንድ በር ነው የተዘጋብን፤ እሱ ቁልፉን ይዞ፣ እኔ ሳልይዝ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንድሄድ አልለመንኩትም። ምን ብዬ እለምነዋለሁ? ለቅሶ ለመድረስ ከሆነ ለቅሶው አልፏል። ዝናቡ ጭሱን ስለሚመታው ከዚያ ወዲህ ከክዳኑ ላይ ምንም አልለየሁም። ሰገነቱ ላይ መቀመጡንም ተውኩት፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጭቃው ውስጥ የተሰነገውን የጤፍ ጭድ አያለሁ።

ጳጉሜ ሊያልቅ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ከሰዓት ላይ፣ በሩ ላይ ጫጫታ ሰማሁ። የልጃገረድ ድምፅ ነው። ቀኑን ረስቼው ነበር።

በእኛ አገር በዚህ ቀን ልጃገረዶች እንግጫ ይነቅላሉ። እንግጫ ጨፌ ላይ የሚበቅል ሣር ነው፤ ሥሩ ነጭና ለስላሳ። እየዘፈኑ ነቅለው፣ ጎንጉነው፣ በበዓሉ ጠዋት በየቤቱ ምሰሶና በወላጆቻቸው ራስ ላይ ያስሩታል፤ አሮጌው ዓመት ወጣ፣ አዲሱ ገባ ማለት ነው። የዚያ አካባቢ ደህና እንግጫ ያለው ደግሞ ድሮም ሎጁ ባረፈበት ጨፌ ነው። እኔና እህቴም ከዚያው ነበር የምንነቅለው። ሎጁ ከታጠረ ወዲህ የማዶ ሰው ወዲህ መምጣት ትቷል። እንግጫ ግን እንግጫ ነው፤ ለዚህ ቀን አጥር አይከለክላቸውም ብለው ባሕሩን ዞረው መጥተዋል።

ልጄ ኃላፊውን ጠራው። ኃላፊው ተቸገረ። ከዚያ ግቢ አንድ ቅጠል እንኳ አይነቀልም፤ ሕጋቸው ነው።

"ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት፤ ተስማማን?" አላቸው።

የልጃገረዶቹ አለቃ ጥርሰ ፍንጭት ናት፤ ወገቧን ይዛ ቆማለች። "የተቆረጠ እንግጫ የት አይተዋል፣ ጋሼ? የሚጎነጎነው እኮ ነጩ ነው፤ ነጩ ያለው መሬት ውስጥ ነው።"

"ጨፌው ውስጥ የዳክዬ ጎጆ አለ።"

"እኛ ዳክዬ አንጎነጉንም።"

ሌሎቹ ተንጫጩ። ኃላፊው ሳቀና ተሸነፈ። ሲባጎ ይዞ ወርዶ ከዳክዬዎቹ ወዲህ ያለውን ጨፌ ከለለላቸው፤ ከሲባጎው ወዲያ እንዳያልፉ አስጠንቅቆ ለቀቃቸው። እንደ ጥጃ ተለቀው ወረዱ።

እኔ ከኋላቸው ነኝ። መሄዴን ያወቅሁት ጭቃው ጫማዬን ሲይዘው ነው። አለቃዪቱ ቀና ብላ አየችኝ።

"እማማ፣ ምን ሆኑ?"

"ጥሩምባው" አልኳት። "በጭጋጉ ቀን የተነፋው። ለማን ነበር?"

"እ፣ ቀንበር ጠራቢው ሽማግሌ ናቸው ያረፉት።"

"ብሳናው ሥር ያለችው አሮጊትስ?"

እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። "እሳቸውማ ትናንት ደጃፋቸው ላይ ስንጨፍር ከተኙበት ረገሙን" አለች አለቃዪቱ። ከመካከላቸው ትንሿ ግን አልሳቀችም። "እናቴ ናት ውሃ የምታጠጣቸው" አለችኝ። "እህል አይበሉም። ከስተዋል፣ እማማ። አንዳንዴ ሰው ይጣራሉ።"

የእንግጫውን ዘለላ ይዤ ቁጭ አልኩ። ስነሣ አለቃዪቱን፣ "ስትመለሱ እኔን ይዛችሁኝ ሂዱ" አልኳት።

"እማማ፣ እንግጫ የሚነቅል ልጃገረድ ነው እኮ።"

"እኔ ምን ሆንኩ?"

"ኋላ ባል ፈልጉልኝ እንዳይሉን ፈርተን ነው።"

"ካገኛችሁ አልጠላም። ግን መንገድ የሚወድ ይሁን፤ ቁጭ ብሎ ቅሪ የሚለኝን አልፈልግም።"

ጨፌው በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ እኔም ነቀልኩ። ጣቶቼ አልረሱትም፤ ግንዱን ከሥር ይዞ፣ ትንሽ አዙሮ፣ ሳይበጥሱ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ሲወጣ የሚሰጣት ያች ትንሽ ድምፅ አለች። አለቃዪቱ አንዱን ጎንጉና፣ "ለእርስዎ ለነገ አያድርም፤ ነገ የት እንደሚሆኑ አይታወቅም አሉ" ብላ ራሴ ላይ አሰረችልኝ። ዝናዬ ማዶ ሳይቀር ደርሷል ማለት ነው።

ምርኩዜን ከቤት ይዤ፣ በሶዬን ሳልቋጥር፣ ከልጃገረዶቹ መካከል ሆኜ ወደ በሩ ሄድኩ። እየዘፈኑ ነው። ልጄ በሩን ከፍቶ ያሳልፋቸዋል። እኔ ዘንድ ሲደርስ እጁ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ። ዘፈኑ ከፊት ጀምሮ እየተቆረጠ መጥቶ ዝም አለ።

"እማ" አለኝ።

"ብቻዬን አይደለሁም።"

ልጃገረዶቹን አያቸው፤ ጭቃ የነካውን እግራቸውን፣ የተሸከሙትን እንግጫ፣ አንድ በአንድ አያቸው። ግዝቱን የጠየቀ እሱ ነውና ቃሉን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ቢሆንም ቃሉ አልነበረም የሚያስጨንቀው።

"እህቴ በሕይወት አለች አሉ፤ ገና ናት" አልኩት። "አንተ ሳትደርስ የቀረኸውን እኔ ልድረስ።"

ወደ አለቃዪቱ ዞረ። "እንደደረሳችሁ ብሳናው አጠገብ እሳት አንድዱ" አላት። "እርጥብ ግራዋ ጨምሩበት፤ ጭሱ ወፍራም ይሁን። ካላየሁ በሩን ጥዬ እመጣለሁ።"

"የእርስዎ እናት እንጂ የእኛ ጠላት ናቸው እንዴ?" አለችው። "እናደርሳቸዋለን። ካስቸገሩን ተሸክመን።"

በሩን ከፈተ። ሳልፍ ክንዴን ያዘ፤ ያዘና ለቀቀ።

መንገዱ ጭቃ ነበር። በየፈፋው ሁለት ልጃገረዶች ይይዙኛል፤ ዳገቱ ላይ አንዷ ከኋላ ትገፋኛለች። የበቆሎው ማሳ ከራሳችን በላይ ነው። ከውሃው ግማሽ ዞረን ወደ ኋላ ሳይ ሎጁ የለም። ቤቶቹ፣ ሰገነቱ፣ በሩ፣ አንዱም አይታይም፤ ዳሩ ሁሉ አረንጓዴ ዛፍ ነው። እህቴ ያን ሁሉ ቀን ወዲህ ብታይ ያየችው ጫካ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ሆኜ እንደማያት እንኳ አላወቀችም።

ስንደርስ ልጃገረዶቹ መጀመሪያ እሳቱን አነደዱ። እርጥቡ ግራዋ ሲገባበት ጭሱ ተንቦልቡሎ በብሳናው ቅርንጫፍ መካከል ወጣና ወደ ባሕሩ አዘነበለ። ከቤት ውስጥ፣ "ማነው የሚያጨሰው? ቤቱን ልታቃጥሉብኝ ነው?" የሚል ድምፅ መጣ።

ገባሁ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ላይ ቆምኩ። አልጋው ላይ ያለችው ሴት እናቴን ትመስላለች፤ እናቴ በመጨረሻዋ ጊዜ እንደዚያ ነበረች፤ አጥንቷ ፊቷን ቀድሞ የሚታይ።

"መጣሽ?" አለችኝ።

"መጣሁ፣ እታለም።"

"አምና ሞተሻል አሉኝ።"

"እኔም ሰሞኑን አንቺን ሞተሻል ብዬ ነበር።"

"ሁለታችንም ቃላችንን አንጠብቅም እንግዲህ" አለች። ስትስቅ ዳሌዋን አመማትና ጥርሷን ነከሰች። ራሴ ላይ ያለውን እንግጫ አየች። "ያ ደግሞ ምንድን ነው? ባል ፍለጋ ነው?"

"ሁሉም እንዲያ ይለኛል።"

ጎረቤቷ ያፈላችውን አጥሚት በኩባያ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከንፈሯን አስነካሁት፤ ጥቂት ዋጠች፤ ከዚያ አፏን ገጠመች። ከዚያ አልጋ እንደማትነሣ ገባኝ። እሷም እንደገባኝ አየች። ውጭ ልጃገረዶቹ ለነገው እየተጠራሩ ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ጭሱ በበሩ በኩል ትንሽ ትንሽ ይገባል።

"መቼ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ።

በየሄድኩበት ቤት ሁሉ ይህንኑ እጠየቃለሁ። ሁልጊዜም ነገ እላለሁ፤ ሰው እንዳልከብድበት ነው። አሁንም ነገ ሊል ምላሴ ተነሣ፤ መለስኩት።

"አልሄድም" አልኳት።

"ትዋሺያለሽ።"

ይህን ካለች በኋላ በክርኗ እየተደገፈች ወደ ግድግዳው መጠጋት ጀመረች። ልረዳት ስል እጄን ገፋችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። ሰው የሚተኛበት ያህል ቦታ ስትለቅ ዐረፈች፤ በመዳፏ የፍራሹን ባዶ ቦታ መታ መታ አደረገችው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። አልጋዋ ጠባብ ናት፤ አንዷ ካልተነሣች ሌላዋ መገላበጥ አትችልም። እንደዚያው ሆነን ቆየን።